በፉርጎ የተጓዘው ዘር

ባቡሩ ድልድዩን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲይዝ ፉርጎው እንደ ወንፊት ተንገዋለለ። ሦስቱ ፍየሎች ተያይዘው ወደ አንድ ጥግ ተንሸራተቱ። ወይዘሪቷም ቴርሞሜትሩን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ጭዱ ላይ ዘጭ አለች። ክርኗ ተላጠ፤ መስታወቱ ግን ደኅና ነበር። በሳንቃዎቹ መካከል ወደሚገባው የጠዋት ብርሃን አስጠግታ አየችው። የቡላዋ ፍየል ሙቀት ከትናንቱ ከፍ ብሏል። ፍየሏም እንደ ሁለቱ ጓደኞቿ ጭዱን አልጎረጎረችም፤ ጆሮዋን ጥላ ቆማለች።

«ጀመረሽ» አለቻት ወይዘሪቷ።

ከከተማው ከወጡ ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«ወይዘሪት» የሚለው መጠሪያ የተለጠፈባት ገና በልጅነቷ፣ በአባቷ ቤተ ሙከራ የፍየል ሙቀት መለካት ስትጀምር ነው። አሁን በጆሮ ግንዷ አካባቢ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል፤ መጠሪያው ግን አልተለወጠም። ሠራተኞቹም፣ ወጣቶቹ ምሁራንም፣ በሥራ ሰዓት አባቷም ጭምር ወይዘሪት ይሏታል። እሷም በሥራ ሰዓት «ዶክተር» ነው የምትላቸው። ችግሩ በዚያ ቤት የሥራ ሰዓት የሚባለው ነገር አያልቅም። «አባባ» ብላ ከጠራቻቸው ስንት ዘመኗ።

አባቷ የመንግሥት ከብት ሕክምና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ማን እንዲህ ብሎ እንደሰየመው ባይታወቅም ሰው ሁሉ «ደስታ» እያለ የሚጠራው ከብት ፈጂ በሽታ አገሩን ሲያዳርስ፣ ከየት እንደገባ መርምረው እንዲያስታውቁ ታዘዙ። መረመሩና በሽታው የገባው ለጦሩ ከድንበር ማዶ ተገዝተው በመጡ በሬዎች ነው ብለው ጻፉ። ጄኔራሉ አስጠርተው፣ ነገሩ ከእረኞች ቸልተኝነት የመጣ ነው ተብሎ ቢስተካከል ለሁሉም እንደሚሻል በለሰለሰ አንደበት ነገሯቸው። አባቷ፣ ሙቀቱን የሚያወጣው ከብቱ እንጂ እኔ አይደለሁም ብለው መለሱ። በሳምንቱ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

እሳቸውም ከከተማው ዳር ሥራ ያቆመ የጡብ ፋብሪካ ተከራይተው «ነጻ የሕይወት ምርምር ተቋም» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ሰሌዳውን በነጭ ቀለም የጻፈችው እሷ ነበረች። «ነጻ» ሲባል ከጄኔራሉም ከሚኒስትሩም ትእዛዝ ነጻ ለማለት ነው። መንገደኛው ግን በነጻ የሚያክም ቤት የተከፈተ መስሎት፣ ጥርሱን ያመመውም ወገቡን የያዘውም በሩ ላይ ይሰለፍ ጀመር። አባቷ የከብት ሐኪም ነኝ ብለው ይናገራሉ፤ ይህን ሰምቶ አልሄድም ያለውን ግን ያክሙታል።

ቤቱ አደገ። የጡብ መጋገሪያው ጋጣ ሆነ፤ ማድረቂያው በመስታወት ተከልሎ ቤተ ሙከራ ሆነ። ሁለት ወጣት ምሁራን የመንግሥት ደመወዛቸውን ጥለው መጡ። የቆላ ከብት አርቢዎች ማኅበር አቋቁመው ፍየልና መኖ ይልኩ ጀመር። ግቢው በሰው በሞላ ቁጥር ግን እሷ ይበልጥ ብቸኛ ሆነች። ምሳ ላይ ሁሉም ስለ ሥራው ሲያወራ፣ ስለ ሌላ ነገርም ማውራት ያምራት ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እሷም ቀስ በቀስ ስለ ሌላ ነገር እንዴት እንደሚወራ ረሳችው።

የቤቱ ሁሉ ልፋት በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ እነሱ «ዘሩ» በሚሉት። በሽታውን ከታመመ ከብት ወስደው፣ ከፍየል ወደ ፍየል ዓመታት ሲያስተላልፉት፣ በከብት ላይ የነበረው ጉልበት እየደከመ መጣ። ይህን የደከመ ዘር ከተሸከመች ፍየል ደም ጥቂት ጠብታ ለጤነኛ ላም ቢወጋ ላሟ ትንሽ ያተኩሳታል፤ ከዚያ በኋላ ደስታ መንደሩን ቢጨርስ እሷን አይነካትም። ዘሩ ግን በሕይወት ካለች ፍየል ውጭ መኖር አይችልም። ደሙ ያለ በረዶ ይበላሻል። በአንዷ ፍየልም ውስጥ ቢሆን የሚቆየው ትኩሳቷ እስኪበርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ጣራ ሲደርስ ወደ ሌላ ጤነኛ ፍየል መሻገር አለበት፤ ክብሪት ባልነበረበት ዘመን ከጎረቤት ጎረቤት ይጫር እንደነበረው እሳት። አንድ ጊዜ ከጠፋ የዓመታት ልፋት አበቃ ማለት ነው።

ጦርነት ሸተተ ሲባል ከስንቅና ትጥቅ መምሪያ ትእዛዝ መጣ። ተቋሙን ከነእንስሳቱ ለጦሩ እንዲያስረክቡ፣ ክትባቱም ጋሪ ለሚጎትቱ የጦሩ በሬዎች ብቻ እንዲውል የሚል ነው። አባቷ ምሳ ላይ አነበቡት። አጥፈው ሳህናቸው አጠገብ አስቀመጡና ምግባቸውን ጨርሰው ሲያበቁ፣

«ቤቱን ይውሰዱት» አሉ። «ዘሩን ግን አይወስዱትም።»

የቆላ አርቢዎቹ ማኅበር በሐዲዱ መጨረሻ፣ ድሮ የታመመ ከብት ተለይቶ ይቆይበት የነበረ አንድ ግቢ ሊሰጣቸው ቃል ገብቶ ነበር። ወጣቶቹ ከጠፉ ይፈለጋሉ፤ አባቷ ከጠፉ ደግሞ አገር ምድሩ ይታሰሳል። እሷ ብትጠፋ ማንም ልብ አይልም። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ሁሉም ዞር ብሎ ሲያያት ግን ገባት። ጎህ ሲቀድ አባቷ ጣቢያ ድረስ ሸኟት። ዘሩን የተወጋችውን የቡላዋንና በተራ የሚቀበሉትን የሁለቱን ፍየሎች ጆሮ በጣታቸው ዳሰሱ። ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ቴርሞሜትር አውጥተው ሰጧት። ግንባሯን የሚስሟት መስሏት ትንሽ ዝቅ አለች።

«ጠዋትና ማታ ለኪ» ብለዋት ሄዱ።

---

መገንጠያው ጣቢያ ላይ የፉርጎው በር ከውጭ ተከፈተ። ጺሙ አቧራ የጠጣ አንድ ሃምሳ አለቃ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ቆሟል። እጁን ወደ ቆቡ አንስቶ ሰላም አላት። ትሑት ሰው ነበር። በመስመሩ የሚያልፍ የእርድ ከብት ሁሉ ለሠራዊቱ ስንቅ እንዲወሰድ መታዘዙን፣ ለራሱም ይህ ሥራ ደስ የማይለው መሆኑን ነገራት። እሷ ፍየሎቹ ለምርምር እንጂ ለእርድ እንዳልሆኑ አስረዳች። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማትና፣ ሆኖም ፍየሎች መሆናቸውን ሊክድ እንደማይችል በትሕትና ገለጸ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ሳምንት የታመመ ከብት ሥጋ በልተው ብዙ ወታደሮች ተኝተውበታል።

«እመቤቴ፣ ከእነዚህ ውስጥ የታመመ አለ?»

«ቡላዋ ታማለች።»

«ሁለቱስ?»

መልሱ በምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ሁለቱም» ብትል በቂ ነው፤ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ «ስንት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ የሆነውን ብቻ ስትመልስ ኖራለች። ሌላ አመላለስ አፏ አልለመደም።

«ሁለቱ ጤነኞች ናቸው» አለች።

ሃምሳ አለቃው ስላልዋሸችው ከልቡ አመሰገናት። ወታደሮቹ ሁለቱን ጤነኛ ፍየሎች በቀንዳቸው እየጎተቱ አወረዷቸው። ቡላዋ ከኋላቸው ጮኸች። በሩ ተዘጋ።

ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ራሷን ልትሰድብ ፈለገች፤ የስድብ ቃል ግን አጣች። ቆይታ የበረዶውን ሳጥን ከፈተች። በጥጥ ተጠቅልሎ የነበረው በረዶ ውሃ ሆኖ ይንቦጫረቃል። ቴርሞሜትሩን አነሳች። እየጨመረ ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ ጣራ ይደርሳል፤ ከነገ ጀምሮ ይወርዳል፤ የሚቀበል ፍየል ግን የለም። አባቷ ይህን ቢሰሙ እንደማይቆጧት ታውቃለች። መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ከቁጣው ይልቅ የምትፈራው ያን ጠረጋ ነው።

---

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ባቡሩ አንዲት ጭር ያለች ጣቢያ ላይ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ቆመ። ነጂው እየዞረ ለተሳፋሪው ተናገረ። የጦር ባቡሮች ስለሚያልፉ መንገዱ እስኪለቀቅ መጠበቅ ግድ ነው፤ እስከ ማታም ይሆናል፣ እስከ ነገም ይሆናል። ተሳፋሪው አጉረምርሞ ጥላ ፍለጋ ተበተነ።

ጣቢያዋ አንዲት የድንጋይ ክፍል፣ በብረት እግሮች ላይ የቆመ የውሃ ታንከርና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበረች። ከዚያ ውጭ እስከ አድማስ ድረስ ጠጠርና ቁጥቋጦ ነው። የጣቢያው ሹም ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። ዩኒፎርሙ በፀሐይ ነጥቷል፤ የነሐስ ቁልፎቹ ግን ከመወልወል ብዛት ዓይን ይወጋሉ። ብቻውን እንደሚኖር አነጋገሩ ያሳብቅበታል፤ ቃል ለማውጣት ትንሽ ይቸገራል፣ አንዴ ከወጣለት ደግሞ መቆሚያው ይጠፋዋል። ውሃ ልትለምነው ወደ በሩ ስትጠጋ ከውስጥ «ወይዘሪት! ነይ እንጂ» የሚል ድምፅ ሰምታ ክው አለች። ማን ነገረው ብላ ስትደናገር፣ ከክፍሉ ጀርባ አንዲት ጥቁር ፍየል ብቅ ብላ አልፋት ገባች። በአንገቷ ላይ የዩኒፎርም ቁልፍ በገመድ ተንጠልጥሏል።

ሹሙ ተከትሎ ወጣና ሰው ሲያይ ቆቡን አስተካከለ። ይቅርታ ጠየቀ። ፍየሏ ወይዘሪት እንደምትባል፣ አንድ ነጂ ገና ግልገል ሳለች ጥሎለት እንደሄደ፣ ባቡር ሲመጣ ከእሱ ቀድማ ሰምታ እንደምትነግረው፣ ከሐዲዱም ፈቀቅ ማለት እንዳስተማራት በአንድ ትንፋሽ ተናገረ።

«እኔንም ወይዘሪት ነው የሚሉኝ» አለች።

ሹሙ ሊስቅ ፈልጎ ነውር እንዳይሆንበት ፈራ። እሷ ቀድማ ፈገግ አለች፤ ያኔ እሱም ሳቀ። ውሃ ቀዳላት። ወንበሩን በመሀረቡ ጠረገላት።

ዓይኗ ከጥቁሯ ፍየል ላይ አልነሳ አላት። ጠጉሯ ያብለጨልጫል፤ አፍንጫዋ እርጥብ ነው፤ ትንፋሿ የተስተካከለ ነው። ጤነኛ ናት። ወይዘሪቷ የሚቀል መንገድ አሰበች። ለጉዳት የማይዳርግ ትንሽ መርፌ ነው ልትል ትችላለች። እንዲሸጥላት ልትጠይቅና ስለ ቀረው ዝም ልትል ትችላለች። ጠዋት የሆነውም ትምህርት ሊሆናት ይገባ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ያው የለመደችው ነው። ስለ ዘሩ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ሃምሳ አለቃው፣ በፉርጎው ውስጥ ስላለችው ቡላ ፍየል አንድ በአንድ ነገረችው። ጥቁሯን ፍየል እንደምትፈልግም ነገረችው።

ሹሙ ወደ ፍየሏ ዞረ።

«ትሞታለች?»

«ታተኩሳለች። ብዙዎቹ ይድናሉ።»

«ከዳነች በኋላስ?»

በተቋሙ ፍየል እስኪድን አይጠበቅም። ትኩሳቱ ጣራ ሲደርስ ይታረድና ጣፊያው ይወጣል፤ ዘሩ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። የአባቷ ደንብ ነው፤ የአንዷ ጣፊያ ለብዙ መቶ ከብት ይበቃል። ይህንንም ነገረችው።

ሹሙ ተነሳ። ባቡር እየመጣብኝ ነው አለና ባንዲራውን ይዞ ወጣ። ፍየሏ ተከተለችው።

እውነትም ባቡር መጣ። ወታደሮች በጣራው ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ከኋላ ያሉት ፉርጎዎች በሬዎች ጭነዋል። እሷ ከወንበሩ ሳትነሳ፣ ፉርጎዎቹ ከመታየታቸው በፊት ሽታው ደረሳት። ተነስታ ወደ ሐዲዱ ሮጠች። በሳንቃዎቹ መካከል የሚያልፉትን አፍንጫዎች አየች፤ ዝልግልግ ለሃጭ፣ በእንባ የረጠበ ጉንጭ፣ የሰረጎደ ዓይን። ባቡሩ የሚሄደው እሷ ወደምትሄድበት፣ ወደ ቆላው ነው። እነዚያ በሬዎች ሐዲዱ መጨረሻ ላይ ይወርዳሉ፤ ውሃ የሚጠጡትም የአርቢዎቹ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነው። ከእሷ በፊት ይደርሳሉ።

አቧራው እስኪበርድ እዚያው ደንዝዛ ቆመች። ከዚያ ወደ ፉርጎዋ ተመለሰች። ቡላዋ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገችላት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን አድርጊ እንደሚሏት የአባቷ ድምፅ በጆሮዋ አልመጣ አላት።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሹሙ ፍየሏን በገመድ ይዞ ቆሟል።

«ያን ሽታ አውቀዋለሁ» አለ። «ልጅ ሆኜ የአባቴ በረት እንዲህ ነበር የሚሸተው። ከዚያ በኋላ በረትም አልነበረን።» የፍየሏን ገመድ በእጁ ጠቀለለ። «ግን እንዳትታረድ። ቃል ይግቡልኝ።»

እሷ ቃል ገብታ አታውቅም። ቃል የሚገቡት አባቷ ናቸው፤ የእሷ ድርሻ የተገባውን መፈጸም ነበር። ደም ብቻ መውሰድ ማለት ክትባቱ ያንሳል ማለት ነው፤ ፍየል ይበዛል፤ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበችው። ዛሬ ግን የምትጠይቀው ሰው የለም።

«ደም ብቻ ነው የምወስደው» አለች። «አትታረድም። ስትድን ራሴ አምጥቼ እመልስልዎታለሁ።»

ከዚያ በኋላ እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ትንሿን የላምባ ምድጃ ለኩሳ መርፌዎቹን ቀቀለች። ጥቁሯን እሱ ያዘ። ቡላዋን እሷ በጉልበቶቿ መካከል አቅፋ የአንገቷን ደም ሥር በአውራ ጣቷ ፈለገች፤ የጠቆረ ደም በመስታወቱ ውስጥ ወጣ። ወዲያው በጥቁሯ አንገት ላይ ቆዳውን ቆንጥጣ ይዛ ወጋቻት። ፍየሏ አልጮኸችም። ቀና ስትል ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል፤ አልቋል ብትለውም ለመግለጥ ጊዜ ወሰደበት።

አመሻሽ ላይ መንገዱ ተለቀቀ። ሹሙ ከቁጥቋጦው የለቀመውን ቅጠል በጨርቅ ቋጥሮ ፉርጎው ውስጥ አስቀመጠ፤ ሌላ መኖ ከሰጧት ታኮርፋለች አለ። ባንዲራውን ዘረጋ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ፣

«ወይዘሪት፣ በደኅና ግቢ» አለ።

ለየትኛዋ እንዳለ አልጠየቀችም።

---

ስትደርስ የጦሩ በሬዎች ወርደው በወንዙ ዳር ተበትነው ነበር። ጥቂቶቹ ሞተዋል። የአርቢዎቹ ማኅበር መሪ የነበሩት ሽማግሌ ከጥቂት ሰዎች ጋር ጣቢያው ላይ ጠበቋት። ትልቅ ተቋም በብዙ ፉርጎ ተጭኖ የሚመጣ መስሏቸው ነበር። አንዲት ሴት፣ አንድ የእንጨት ሣጥንና ሁለት ፍየሎች ሲወርዱ ቀሪው በሚቀጥለው ባቡር ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ቀሪ እንደሌለ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አየት አድርገዋት ሣጥኑን ራሳቸው ተሸከሙ።

ግቢው ጣራው ያፈሰሰ አንድ አዳራሽና የድንጋይ አጥር ነበር። ጥቁሯ ፍየል እዚያ አተኮሰች። ትኩሳቱ ጣራ በደረሰበት ጠዋት ወይዘሪቷ ደሟን ቀዳች። ከፊሉን አርቢዎቹ ላመጧቸው ፍየሎች አሻገረች፤ የቀረውን ከመጀመሪያዎቹ ላሞች ጀምራ መውጋት ያዘች። ሰልፉ ከግቢው በር እስከ ወንዙ ይደርሳል። በዚያ መሃል ነው አንድ መልእክተኛ ከጣቢያ ቴሌግራም ይዞ የመጣው። ከወጣቶቹ ምሁራን አንዱ የላከው ነው። አባቷ በገዛ ቤተ ሙከራቸው በጥበቃ ሥር ሳሉ ታመው ማረፋቸውን ይናገራል።

አንብባ ኪሷ ከተተችው። ሽማግሌው ደኅና ወሬ ነው ወይ አሏት። ከከተማ ነው አለቻቸው። አርቢዎቹ ዶክተሩን እንደ አባት ነው የሚያከብሯቸው፤ ብትነግራቸው ሥራውን ጥለው ለቅሶ ይቀመጣሉ፤ በመርፌው ውስጥ ያለው ደም ደግሞ አይጠብቅም። ማታ እነግራለሁ ብላ አሰበች። ማታ ሁሉም ደክሞት ተኛ። በማግሥቱ ሌላ ሰልፍ መጣ። እንዲህ እያለ የሚነገርበት ቀን ከራቀ በኋላ አሁን ደግሞ እንዴት ይነገራል የሚል መጣ። ቀን ከብት መካከል ትውላለች፤ ሲመሽ ጭድ ላይ ጋደም ብላ ጣራው ቀዳዳ ላይ ታፈጣለች፤ አታለቅስም። በዚያ ዓመት ደስታ የቆላውን ግማሽ አልፎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሰዎች እስከዚህ ድረስ መጣ ብለው ድንጋይ ተከሉ።

ከዚያ ግቢ በኋላ የወጣውን ሁሉም ያውቃል። አዳራሹ ጣራ ለበሰ፤ ሌላ አዳራሽ ተጨመረ፤ የግመልና የዶሮ በሽታ የሚመረመርባቸው ክፍሎች፣ ኋላም የሰብል ተባይ የሚጠናበት ቤት ተሠሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሚኒስቴሩ በደመወዝና በማዕረግ ወደ ራሱ ሊጠቀልለው ደጋግሞ ጠየቀ፤ ወይዘሪቷ ደጋግማ እምቢ አለች። ከውጭ የሚመጡ ምሁራን በዚህ ቤት ፍየል ለምን እንደማይታረድ፣ ለምን ደም ብቻ እንደሚወሰድ ሲጠይቁ ሠራተኞቹ ሳይንሳዊ ምክንያት ይደረድሩላቸዋል፤ የአንዱ ምክንያት ከሌላው አይገጥምም። እሷ አጠገባቸው ብትኖርም አታርማቸውም።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቁሯ ፍየል ድና ወፍራ ነበር። ወይዘሪቷ ሥራውን ለሦስት ቀን ለሽማግሌው አደራ ሰጥታ ባቡር ተሳፈረች። ተቆጣጣሪው ፍየል ከሰው ጋር አይቀመጥም አላትና ሁለቱም ፉርጎ ገቡ።

ጣቢያዋ ላይ ባቡሩ ገና ሳይቆም ፍየሏ ዘላ ወረደች። ሹሙ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ ነበር። ፍየሏ ጭንቅላቷን ሆዱ ላይ ስትደፋ ቆቡ ወደቀ። ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ ጎኗን ዳበሰ፤ መርፌው የገባበትን ቦታ በጣቱ ፈልጎ አጣው።

«አይመለሱም ብዬ ነበር» አለ።

«ቃል ገብቼ የለ።»

ባቡሩ እዚያ የሚቆመው ውሃ እስኪሞላ ነው። እሷም በሱ ተሳፍራ መቀጠል፣ በቀጣዩ ጣቢያም የመመለሻውን መያዝ ነበረባት። ሹሙ ግን ብዙ የሚጠይቀው ነገር ነበረው። ቡላዋስ? ደኅና ናት፣ ወልዳለች። ከብቶቹስ? ብዙዎቹ ተርፈዋል። ውሃ ቀድቶ ሰጣትና እየጠጣች ሳለ፣ እንዲያው ከወጉ ጋር አያይዞ ጠየቃት።

«አባትዎስ? ዶክተሩ እንደምን ናቸው?»

እስከዚያ ቀን ሰው ሁሉ ስለ ሥራው እንጂ ስለ አባቷ ጠይቋት አያውቅም። ኩባያውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ ሞተዋል» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም አብራ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሹሙ ቆቡን ከመሬት አንስቶ አራገፈው፤ አላጠለቀውም።

«ነፍስ ይማር» አለ። «አይዞሽ። አልቅሺ።»

ውሃው ሞላ። ነጂው አንድ ጊዜ አፏጨ። ሹሙ አረንጓዴውን ባንዲራ እንደተጠቀለለ ብብቱ ውስጥ አድርጎ ጀርባውን ለባቡሩ ሰጠ። ነጂው እንደገና አፏጨ። ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ተቆጣጣሪው ዘሎ ወርዶ በጠጠሩ ላይ እየሮጠ መጣና፣ ሐዲዱ ላይ ችግር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሹሙ በዚያ ጣቢያ በኖረበት ዘመን አንድም ባቡር ያለ ምክንያት አዘግይቶ አያውቅም።

«አለ» አለው።

ተቆጣጣሪው ወደ ሴትዮዋ ተመለከተ፤ ወደ ፍየሏም ተመለከተ፤ ተመልሶ ሄደ። ፉጨቱም ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ሹሙ ባንዲራውን የዘረጋው፣ እሷ በራሷ ጊዜ ተነስታ፣ ከታንከሩ ሥር ፊቷን ታጥባ፣ ወደ ባቡሩ ከወጣች በኋላ ነው።